የዱር እንስሳትን አስፋልት ለማሻገር የቱ ይሻላል? ለሐረርና ለድሬዳዋ መንገዶች የተዘጋጀ ንጽጽር

ከሐረር ወደ ባቢሌ ማታ የሚነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መንገድ ዳር ሁለት ዓይን ብልጭ ይላል። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፣ ጅቡ ይሻገራል። "እፎይ" ብሎ እንደገና ነዳጅ ሲሰጥ ሌላ ጅብ ከጨለማው ይወጣል። አደጋው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

"ታዲያ ምን ይደረግ?" ሲባል የሚነሱት ሐሳቦች ብዙ ናቸው። ምልክት እንትከል፣ ፍጥነት መቀነሻ ይሠራ፣ አጥር ይታጠር፣ ድልድይ ይገንባ። ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ውጤታቸውም እንደዚሁ። ይህን የምጽፈው በቀበሌ ወይም በወረዳ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ለምታቀርቡ፣ የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለምትመሩ፣ መንገድ ሥራ ላይ ላላችሁና መሪ ለምትይዙ ሁሉ ነው።

የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ። እኛ ጋ መጀመር ያለበት ከምልክት አይደለም። ከትልቅ የእንስሳት ድልድይም አይደለም። አስፋልቱ ሥር ድሮውኑ ካሉት ድልድዮችና የውሃ ቱቦዎች ነው። ምክንያቱን ቀስ ብዬ አስረዳለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንለይ

አንድ መፍትሔ ለሁሉም መንገድ አይሆንም። በአካባቢያችን ያሉት መንገዶች ደግሞ ጨርሶ አይመሳሰሉም።

ከድሬዳዋ ተነስቶ ደንገጎን የሚወጣው መንገድ ኩርባና ገደል ነው። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። እዚያ ዋናው ጉዳይ ዝንጀሮ ነው። በዚህ አካባቢ ቆላ የሚኖረው ሃማድራያስ ዝንጀሮ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት መንጋው ተያይዞ ለምግብ ይሰማራል። ስለዚህ የሚሻገረው በቀን ነው፣ የሚሻገረውም በቡድን ነው።

ከደንገጎ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር የሚገባው መንገድ ሌላ ነው። ከተማ ከተማን ይከተላል፣ መሀሉ እርሻ ነው። ሌሊት ጅብና ቀበሮ ይወጣሉ። ሌሊት ደግሞ የጫት መኪና ይበራል። ጫት ሰዓቱ ካለፈበት ዋጋው ይወድቃልና ሾፌሩ አይቆምም።

ከሐረር በኤረር ሸለቆ፣ በባቢሌና በዳካታ ድንጋዮች በኩል ወደ ጅጅጋ የሚሄደው መንገድ ደግሞ ገና ብዙ የዱር እንስሳ ያለበት ነው። ጅብ፣ ከርከሮ፣ ጃርት፣ እንሹ፣ አንዳንዴም አጋዘን። በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር የተከለለው የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ ከዚህ መንገድ በስተደቡብ ነው። ዝሆኖቹ በሰፈራና በእርሻ እየተገፉ በአብዛኛው በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ተወስነዋል።

አራተኛው የድሬዳዋ ደወሌ የክፍያ መንገድ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረ፣ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ በሽንሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወርድ። ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ መኪናው ይከንፋል። ግመልና ፍየል የሚጋጨውም፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ የሚጋጨውም በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ነው።

ምልክት ከሁሉ ይረክሳል፤ ግን

ምልክት ለማስተከል ብዙ ብር አያስፈልግም። ለዚህም ነው አንድ ሰው ወይ አንድ መኪና ሲጎዳ መጀመሪያ የሚተከለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄን። በየቀኑ በዚያ የሚያልፍ ሾፌር ሳምንት ሳይሞላው ምልክቱን ማየት ያቆማል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ ምልክት ብቻውን አደጋ ስለመቀነሱ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ጥቂት ጥቅም የሚሰጠው በቦታና በሰዓት ሲወሰን ነው። "እንስሳት ይሻገራሉ" ከማለት "ከምሽቱ 12 እስከ ንጋት 12፣ ለሚቀጥሉት 2 ኪሎ ሜትር" ማለት ይሻላል። መብራት ሲያርፍባቸው አብረቅርቀው እንስሳ ያባርራሉ ተብለው የሚሸጡትን አንጸባራቂዎች ግን አትግዙ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ጥቅማቸውን ከ1 በመቶ አላሳለፈውም። ያ ገንዘብ ቱቦ ቢጠረግበት ይሻላል።

ፍጥነት መቀነስ

ይሄ በደንብ ይሠራል፣ ሒሳቡም ቀላል ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አለቀ። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ወደ 70 ሜትር መጣ። በ50 የሚሄድ ከሆነ ግን በድምሩ በ35 ሜትር ገደማ ይቆማል። አጭር መብራት ጥቁር ነገርን በደንብ የሚያሳየው እስከ 50 ሜትር ግድም ነው። ማለትም በ80 የሚሄደው ሾፌር ጅቡን ሲያየው ጊዜው አልፏል። በ50 የሚሄደው ይተርፋል፣ ጅቡም ይተርፋል። የጫነ ኢሱዙ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ታንዛኒያ ውስጥ ወደ ዛምቢያ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚኩሚ ብሔራዊ ፓርክን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሰንጥቆ ያልፋል። እዚያ ያደረጉት ይህንን ነው። ፍጥነት መቀነሻ ሠሩ፣ የፍጥነት ወሰን ጣሉ፣ እንስሳ ገጭቶ የገደለ ይቀጣል። ሞት ጨርሶ አልቆመም። ነገር ግን አውራ ጎዳና በፓርክ መሀል እያለፈም ሾፌሩን ማዘግየት እንደሚቻል ያሳያል።

እኛ ጋ ለሐረማያ አወዳይ ሐረር መስመር ይሄ ተስማሚ ነው። ለሰውም ይጠቅማል፤ በዚያ መንገድ ዳር ስንት ልጅ፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት አህያ አለ። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ግን የአስፋልት ጉብታ እንዲሠራ አልመክርም። የጫነ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ ድሮውንም ይግላል፤ በየመቶ ሜትሩ ፍሬን ማስያዝ ሌላ መዘዝ ነው። በደወሌ መንገድም ጉብታ አይሆንም፣ መኪናው ሳያስበው ይደርስበታል። እዚያ የሚሠራው የፍጥነት ወሰንና ቁጥጥር ነው።

ጥንቡንና ምግቡን ማንሳት

ማንም ትኩረት የማይሰጠው፣ ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችለው ይሄ ነው።

አንድ አህያ በመኪና ተገጭታ አስፋልት ዳር ትወድቃለች። ማታ ጅብ ይመጣል። ጅቡ ሲበላ ሌላ መኪና ይመጣል። አሁን ሁለት በድን አለ፤ ጠዋት ደግሞ ጥንብ አንሳው ይወርዳል። አሞራ ሆዱ ሲሞላ ቶሎ መነሳት አይችልም፣ እሱም ይገጫል። ሁሉም የጀመረው አንዲት አህያ ሳትነሳ በመቅረቷ ነው። በድኑን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ መጎተት ሁለት ሰውና አንድ ገመድ ይፈልጋል። መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞች የሥራ ዝርዝር ውስጥ ቢገባ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ዝንጀሮም እንደዚሁ ነው። ከመስኮት የሚወረወር የሙዝ ልጣጭና ዳቦ ዝንጀሮን አስፋልት ዳር ቁጭ ብሎ መኪና እንዲጠብቅ ያስተምረዋል። ግልገሉን ይዞ ነው የሚጠብቀው። "እዩት ሲያምር" ብላችሁ የምትወረውሩለት ብስኩት ግልገሉን መኪና ሥር ይከተዋል። የአባዱላ ረዳቶች ተሳፋሪውን አንድ ቃል ቢሉት ለውጥ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ተክል ነው። በድሬዳዋ ቆላ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ መጤ ዛፍ መንገድ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅላል። ከርከሮ ፍሬውን ይወዳል፣ ቁጥቋጦውም ይደብቀዋል። ሾፌሩ የሚያየው አስፋልት ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ሜትር መመንጠር ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። የተቆረጠው ግን ከጉቶው እንደገና ይፈላልና በየጊዜው መመላለስ ይጠይቃል።

አስፋልቱ ሥር ያለው መንገድ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

የእኛ አገር ቆላ ደረቅ ወንዝ የሞላበት ነው። ደቻቱን አስቡት። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚህ አሸዋማ ወንዞች ለእንስሳት የተዘጋጀ ጎዳና ናቸው። ለስላሳ ናቸው፣ ዳርና ዳራቸው ዛፍ አለ፣ ሲቆፈሩ ውሃ ይገኛል። እንስሳው ቀድሞውኑ በወንዙ ይመጣል። አስፋልቱ ደግሞ ወንዙን በድልድይ ወይም በቱቦ ያልፈዋል። ስለዚህ መሻገሪያው ተሠርቶ አለቀ ማለት ነው። የቀረው ነገር እንስሳው በሥሩ እንዳያልፍ ምን እንደሚያስቸግረው ማየት ነው።

አንድ ቱቦ አፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ደህና ነው። መውጫው ጋ ስትሄዱ ግን ጎርፉ መሬቱን ቦርቡሮት ሲሚንቶው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ከሲሚንቶው እስከ አሸዋው ወገብ የሚደርስ ገደል አለ። ቀበሮ ይዘለዋል። ጃርት አይወጣውም። ኤሊማ ከነጭራሹ አታስበውም። ስለዚህ ከታች የመጣ እንስሳ ቱቦውን ያየውና ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። መድኃኒቱ ድንጋይ ነው። በጋቢዮን (በሽቦ ሳጥን በታሰረ ድንጋይ) ወይም በደረቅ ድንጋይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መወጣጫ መደርደር። ይሄ ሥራ የመንገዱን መሠረት ከመሸርሸርም ያድናል፤ መሐንዲሱ እንቢ የሚልበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው እንቅፋት ቆሻሻ ነው። ግማሹ በፕላስቲክና በደለል የተሞላ ቱቦ ውስጥ እንስሳ አይገባም። ሰው የሚጸዳዳበትም አይመረጥም። ሦስተኛው ውሃ ነው። ክረምት ላይ ወለሉ በውሃ ሲሸፈን የሚያልፈው ያንሳል። አዲስ ሲሠራ በአንድ ጎን ከፍ ያለ ደረቅ ጠርዝ ቢተውለት ጥርኝና ሸለምጥማጥ በዚያ ይሄዳሉ።

መጠኑስ? እዚህ ላይ እንስሳቱ ይለያያሉ። ቀበሮ፣ ጃርት፣ ጥርኝ በጠባብ ቱቦ ያልፋሉ። ጅብም ጠባብ ቦታ አያስፈራውም። አጋዘንና የሜዳ ፍየል ግን ጨለማ ጉድጓድ አይገቡም። ማዶውን ማየት ይፈልጋሉ። ለእነሱ 3 ወይም 4 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰፊና ብርሃን የሚያስገባ ድልድይ ያስፈልጋል። ዝሆንን በተመለከተ ኬንያ ውስጥ ከናንዩኪ ወደ ሜሩ በሚወስደው መንገድ ሥር በ2011 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መተላለፊያ ምስክር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ዝሆኖቹ ተጠቅመውበታል። ወደ ባቢሌ መጠለያ የሚገቡ መንገዶች አንድ ቀን በአስፋልት ደረጃ የሚሠሩ ከሆነ ይሄ ከወዲሁ ዲዛይኑ ላይ መኖር አለበት።

ለጎርፍ ሰፊ የሆነ ድልድይ ለእንስሳም ሰፊ ነው። ድሬዳዋ ላይ ይህን ክርክር ለማሸነፍ ከባድ አይደለም። "ለጅብ ስንል ቱቦውን እናስፋ" ካላችሁ ሰሚ አታገኙም ይሆናል። "ጎርፍ መንገዱን እንዳይወስደው እናስፋው፣ ጅቡም ያልፍበታል" በሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

አጥር ያለ ቀዳዳ ግድግዳ ነው

ቱቦው ቢስተካከልም እንስሳው ካላገኘው ምን ዋጋ አለው። የሚያገኘው አጥር ሲመራው ነው። ስለ አንጸባራቂዎቹ ሳወራ የጠቀስኩት የ2016ቱ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። መሻገሪያ ብቻውን፣ ያለ አጥር፣ በመንገድ ላይ የሚሞቱትን ሲቀንስ አልታየም። አጥር፣ ከመሻገሪያ ጋርም ይሁን ያለ እሱ፣ በአማካይ 54 በመቶ ቀነሰ። አጥርና መሻገሪያ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የትልልቅ አጥቢዎች ሞት በ83 በመቶ ወረደ።

ሐረር ይህን ለማወቅ የውጭ ጥናት አላስፈለጋትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ ለሰው አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከግንቡ ግርጌ ደግሞ ጅብ የሚገባ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ግንቡን ተከትሎ ይሄዳል፣ ቀዳዳውን ያውቀዋል፣ ገብቶ የተጣለውን አጥንት በልቶ ይወጣል። ሰውም ጅቡ በየት እንደሚመጣ ያውቃል። ዛሬ ዓለም ላይ መሐንዲሶች የሚሠሩት ሥራ ይሄው ነው፦ አጥሩ ይመራል፣ ቀዳዳው ያሳልፋል። ይህን የሠራ ሕዝብ ልጆች አስፋልት ላይ በድን እየቆጠርን መኖራችን ያሳዝነኛል።

አጥር ግን ጣጣ አለው። አጭር ከሆነ እንስሳው ጫፉን ዞሮ ይገባል። ከ5 ኪሎ ሜትር ያነሱ አጥሮች ውጤታቸው በአማካይ ግማሽ ያህል ሲሆን የረዘሙት ከ80 በመቶ በላይ ይደርሳሉ። እኛ ጋ ደግሞ ሽቦ ይሰረቃል። እረኛም መተላለፊያ ካልተተወለት ይቆርጠዋል፣ ደግሞም እውነት አለው። ስለዚህ በደወሌ መንገድ ላይ አጥር ከታሰበ መጀመሪያ መነጋገር ያለበት ከአርብቶ አደሩ ጋር ነው። ግመሉ በየት ይለፍ? እዚያ ቦታ ላይ ሰፊ ድልድይ ካለ የሜዳ ፍየሉም አብሮ ያልፋል።

ለትንሽ ቦታ፣ ማለትም ከቱቦው ግራና ቀኝ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ለመምራት፣ የቅንጭብ አጥር ይሻላል። አይሰረቅም፣ ፍየልም አይበላውም። እንደ ረጅም አጥር አትቁጠሩት፣ መሪ ብቻ ነው። ቁልቋል በለስ ግን መንገድ ዳር አትትከሉ። ባቢሌ ውስጥ ዝሆን ይበላዋል፣ ዝንጀሮም ለፍሬው ይመጣል። ልታርቁት የፈለጋችሁትን እንስሳ ምግብ አቅርባችሁ ትጠሩታላችሁ።

የላይ ድልድይና ሌሎቹ

በካናዳ ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ በአውራ ጎዳናው ላይ 6 የላይና 38 የታች መሻገሪያዎች ከአጥር ጋር ተሠርተዋል። ከእንስሳ ጋር የሚደርሰው ግጭት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። አፈር የለበሰ፣ ዛፍ የበቀለበት ድልድይ ማየት ልብ ይሞላል። ይሁን እንጂ ከ44ቱ መሻገሪያዎች ውስጥ የላይ ድልድዮቹ 6 ብቻ መሆናቸውን ልብ በሉ። እነሱም ቢሆኑ ብዙውን ሥራ የሠሩት ከታች ነው። ለእኛ የላይ ድልድይ የሚታሰበው መንገዱ ኮረብታ ቆርጦ በሚያልፍበት፣ ግራና ቀኙ ከአስፋልቱ ከፍ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ለአሁኑ ቅድሚያ አልሰጠውም።

እንስሳ ሲቀርብ የሚበሩ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በ2016ቱ ጥናት የእንስሳቱን ሞት 57 በመቶ አካባቢ ቀንሰዋል። ጥሩ ቁጥር ነው። መብራት፣ መለዋወጫና ጠጋኝ ባለሙያ ግን ይፈልጋሉ፤ ከተበላሹ ሾፌሩ "አልበራም፣ እንስሳ የለም" ብሎ ይነዳል። የገመድ ድልድይ ደግሞ ዛፍ ለዛፍ ለሚሄዱት ነው። ኬንያ ዲያኒ ላይ ለጉሬዛ ተሠርቶ ጠቅሟል። የእኛ ሃማድራያስ በመሬት የሚሄድ ስለሆነ አይጠቅመውም።

እንግዲህ ምን ከምን ጋር?

ደንገጎ ላይ፦ ምግብ መወርወር ማስቆም፣ ዝንጀሮ በሚበዛበት ኩርባ የሰዓትና የቦታ ምልክት። ከዚህ በላይ ገንዘብ አታውጡ።

ሐረማያ አወዳይ ሐረር ላይ፦ ፍጥነት መቀነሻ፣ የሌሊት የፍጥነት ወሰን፣ በድንና የቄራ ተረፈ ምርት ከመንገድ ማራቅ።

ሐረር ባቢሌ ጅጅጋ ላይ፦ ቱቦዎቹንና ድልድዮቹን ማስተካከል፣ የቅንጭብ መሪ አጥር፣ በኤረር ሸለቆ የሌሊት የፍጥነት ወሰን። ያለችው ብር ለአንድ ቦታ ብቻ የምትበቃ ከሆነ እዚህ ትዋል። ገና የሚተርፍ እንስሳ ያለው እዚህ ነው።

ደወሌ መንገድ ላይ፦ ፕሮሶፒስ ምንጠራና የፍጥነት ቁጥጥር አሁን፤ አጥርና ሰፊ መተላለፊያ መንገዱ በሚጠገንበት ጊዜ። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። በዚህ አቅጣጫ ባቡሩም አለ። ከአስፋልቱ ሥር ያለፈ እንስሳ የሐዲዱ ግንብ ፊት ለፊት ከገጠመው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለቱ መተላለፊያዎች መገጣጠም አለባቸው።

ሐሳቡን የምታቀርቡት ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋዩ ቁጥር፣ የሞተው እንስሳ ዓይነት፣ ቅርብ ያለው ቱቦ ወይም ድልድይ ምን ያህል ይርቃል። ለፎቶ ስትቆሙ መኪናችሁን ከአስፋልቱ አውጡ፣ የቆሰለ እንስሳም አትጠጉ። ቱቦው ጥቅም ላይ መዋሉን ለማወቅ ደግሞ ማታ አፉ ላይ ያለውን አሸዋ በቅጠል ጥረጉትና ጠዋት ዱካውን ተመልከቱ። ይህን በበጋ ጀምሩት፤ ዝናቡ ከገባ ጎርፉ ዱካውን ያጠፋዋል።